የሙላው ምንጭ እና የግማሽ ሒሳብ

ሮቢት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለሌላው አገር የሚተርፍ ፀሐይ የለም። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል ትጥላለች ቢባል ሮቢት ላይ የሚከራከር ሰው አይገኝም። እንግዲህ እንዲህ ባለው አገር፣ እንዲህ ባለው ወር፣ በሙላው ማሳ ግርጌ ውሃ ፈለቀ።

ውሃው መጀመሪያ የታየ ዕለት ባርኔጣ ቢደፉበት ባርኔጣው ይበልጥ ነበር። ሙላው ግን ያየውን ነገር እንዳየው ተናግሮ አያውቅም። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለብዙነሽ “ኩሬ ወጥቶልናል” አላት። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ተራ እስኪደርስ ኩሬው ወንዝ ሆነ። ወሬው ሚኒባስ ተሳፍሮ ጎብዬ ሲገባ ወንዙ ዓሣ ነበረው። ቆቦ ገበያ ላይማ ከወንዙ ወጥቶ ፍየል የዋጠ አዞ አለ ተብሎ፣ ፍየሏ የማን እንደነበረች ክርክር ተነሣ።

ሙላው ሃምሳን ካለፈ ሰንብቷል፤ ጢሙን ግን ጥቁር ቀለም ስለሚቀባው ጢሙ ገና ሠላሳ ነው። ዋሾ ያለውን ሰው ይጣላል። “እኔ አልዋሽም፤ እውነቱ ሲያጥርብኝ እቀጥልለታለሁ እንጂ” ይላል። ውሃው ሲፈልቅለት ዙሪያውን ፓፓያ ተከለ። ፓፓያዎቹ ወገቡ ላይ ደርሰዋል። ሰው ፊት ሲያወራላቸው የመብራት ምሰሶ ያህላሉ፤ ማለዳ ብቻውን ሲሆን ግን እያንዳንዱን ቅጠል ገልበጥ እያደረገ ያያል፣ አፈሩን በጣቱ ይነካል፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። ሙላው ከፓፓያዎቹ ጋር ሲሆን አጋኖ አያውቅም። እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉና።

ነገሩን ያበላሸው ሐድጉ ነው። ሐድጉ የሙላው የማሳ ጎረቤትና የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። አባቱ ከማይጨው ወርደው ሮቢት የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ከእሳቸው ሱቅ ምንም አልወረሰም፣ ሜትሩን ብቻ። የሚናገረው ሁሉ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። አንድ ቀን መጥቶ ውሃውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

“ሓወይ፣ ወንድሜ ሙላው፣ ይሄ ምንጭ አይደለም” አለው።

“ምንድን ነው ታዲያ? ላቤ ነው?”

“ከላይ ካለው ገንዳችን ሾልኮ የወረደ ውሃ ነው።”

ገንዳው ከሙላው ማሳ በላይ፣ ጉብታው ላይ ያለ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚሳበው የመስኖ ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ ለማኅበርተኛው ይከፋፈላል። እንግዲህ ሐድጉ እውነቱን ከሆነ፣ ማኅበሩ የሙላውን ማሳ በቦይ ቆፍሮ፣ ቀዳዳውን ፈልጎ ይደፍናል፤ ፓፓያዎቹም በሮቢት ፀሐይ ሳምንት አያድሩም። ሙላው እውነቱን ከሆነ ግን ምንጩ በማሳው የወጣ የራሱ ሲሳይ ነው፤ ማንም አካፋ ይዞ አይመጣበትም። ማኅበሩ በጉዳዩ ላይ እሑድ ከሰዓት ሊሰበሰብ ቀጠሮ ያዘ።

“የእህቴ ልጅ ሩታ ትንገረን” አለ ሐድጉ። “ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የዚህን ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ ልታጠና መጥታ ቆቦ ክፍል ተከራይታለች። መሣሪያ አላት።”

“ዳኛዬ የባላጋራዬ እህት ልጅ ልትሆን ነው” አለ ሙላው።

“ሌላ መሣሪያ ያለው ዘመድ ካለህ አምጣ።”

ሙላው መሣሪያ ያላቸው ዘመዶች እንደ አሸዋ እንደነበሩት፣ ግን ሁሉም ለጊዜው ሩቅ አገር እንደሆኑ አስረዳ። እናም ሩታ መጣች።

ሩታ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስታወራ ዓይኗ ከሥራዋ የማይነሣ ልጅ ናት። ውሃው ዳር ተንበርክካ ሙቀቱን ለካች። የሰፈሩ ሰው ከብቦ ቆሟል፤ ከፊት የሽንኩርት ነጋዴዋ ጀዊሪያ አለች። ጀዊሪያ ሮቢት ላይ በምላሷ የምትፈራ ሴት ናት፤ በእሷ ፊት ሽንኩርት ራሱ በፈቃዱ ይላጣል ይባላል።

“ጋሼ ሙላው” አለች ሩታ፣ “ከመሬት ሆድ የሚወጣ ውሃ ራዶን የሚባል ጋዝ ይዞ ይወጣል። ጨረር አለው።”

“ጨረር?” አለች ብዙነሽ ደንግጣ። “ስንጠጣው የከረምነው?”

“እዚህ ያለው በጣም ትንሽ ነው እትዬ፣ አይጎዳችሁም። አለቱ ውስጥ ይወለዳል፤ ግን ዕድሜ የለውም። በአራት ቀን ገደማ ግማሹ ይሞታል። ከቀረው ላይ ደግሞ በሌላ አራት ቀን ግማሹ ይሞታል። እንዲህ ግማሽ ግማሽ እያለ ያልቃል። ገንዳ ውስጥ የከረመ ውሃ ከሆነ ጋዙ ከፊሉ ሞቶ፣ ከፊሉ በንፋስ ሄዶ፣ ከቁጥር የሚገባ አናገኝበትም። አሁን ከአለት የወጣ ከሆነ ግን እናገኘዋለን።”

ሙላው ጨረር የሚለውን ቃል በአእምሮው ጥግ ለባጃጅ ተራ አስቀመጠው። “ክብደቱስ? ቤት የሽንኩርት ሚዛን አለኝ። ኩንታል ያነሣል።”

ሩታ ሳቀች። “ዓመት ሙሉ ከዚህ የሚወጣውን ብትሰበስብ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ክብደት አይሞላም። እኔ የምመዝነው ውሃውን ነው፤ ጋዙን ግን የምናውቀው ሲሞት ነው። እያንዳንዱ ሲሞት ብልጭ ያደርጋል፤ መሣሪያው ያንን ይቆጥራል። በአንድ ሊትር ውስጥ በየሰከንዱ ከአሥር በላይ ከቆጠርን ምንጭ ነው። ከአሥር በታች ከሆነ የገንዳ ውሃ ነው።”

“ከአሥር በላይ ምንጭ፣ ከአሥር በታች ገንዳ” ብሎ ሐድጉ ለሁሉም ደገመው። ሁሉም ተስማማ።

ጀዊሪያ ነጠላዋን አጣፋች። “እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሲወጣ ብዙ ነው፣ ትንሽ ሲቆይ ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ የግማሽ ግማሽ፣ መጨረሻው ምንም። የአያ ሙላው ወሬ በሉት።”

ሳቁ ጉብታውን ተሻግሮ ሄደ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሮቢት ሙላውን በግማሽ መስማት ጀመረች። “ትናንት ሁለት ጅብ አባረርኩ” ሲል፣ “አንድ” ይሉታል። “አንድ ጅብ አባረርኩ” ብሎ ቢያስተካክል፣ “የፊቱን ነው የኋላውን?” ይሉታል።

ወደ ውሃው እንመለስ። ሩታ የብርጭቆ ጠርሙስ አውጥታ ውሃው ውስጥ አጠለቀች፤ ሞላች፤ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ ከደነችው። አንዲት አረፋ አልነበረበትም። በትንሽ ሚዛን መዘነችና ክብደቱን ጠርሙሱ ላይ ጻፈች። “ሞልቶ፣ ተከድኖ ቆቦ መድረስ አለበት። መሣሪያው መንገጫገጭ አይወድም፣ እዚህ አላመጣውም። ክዳኑ እንዳይከፈት። እንደ አምቦ ውሃ አስቡት፤ ከተከፈተ ጋዙ ይሄዳል።”

“ልጄ፣ ባንቺ አይደለም” አለ ሙላው፣ “ግን አጎትሽ ባላጋራዬ ነው። ጠርሙሱን እኔ እይዛለሁ። እሱ ምስክር ሆኖ ይከተለኝ።”

ሩታ ከሌሎች ጉድጓዶች የምትቀዳው ስለነበራት ክርክር አልያዘችም። ቀድማ ሄደች።

እነሱ በኋላ ሚኒባስ ያዙ። ያን ቀን ሙላው ያሳየውን ጽናት ያየ ሰው ሰማዕታትን አያነሣም። ተሳፋሪው ሁሉ “ያ ውሃ ነው?” አለ። “ያ ነው” አለ። “አዞው የወጣበት?” “እሱው።” “እስቲ አቅምሰን።” “አይከፈትም። ጨረር አለው።” አንድ ሽማግሌ ለሆዳቸው መድኃኒት ነው ብለው ለመኑት፤ አንዲት እናት ለልጇ ዓይን ለመነችው። ሙላው ውሃ የተጠየቀ ሰው እምቢ ሲል ምን እንደሚባል እያወቀ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ ቆቦ ገባ። ሐድጉ እንኳ “ዛሬስ ሰው ሆነሃል” አለው።

ሩታ በሩን ከፈተች። ሙላው ጠርሙሱን ከብብቱ አወጣ። ክዳኑን ጠመዘዘ፣ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ፉት አለ፣ ከዚያ በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ “እንኪ ልጄ” አላት።

ሩታ ጠርሙሱን አልተቀበለችም። ሙላው ግን ፈገግ እንዳለ ነበር። አንድ ነገር የጎደለ ሲመስለው ሐድጉን አየ።

“ከፈትከው” አለ ሐድጉ።

“ምኑን?”

“ጠርሙሱን።”

ሙላው ክዳኑን በግራ እጁ እንደያዘው አየ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ምን ያድርግ? እሱ ባደገበት አገር የሚጠጣ ነገር ሳይቀምሱ ለሰው አይሰጥም። ሳይቀምሱ መስጠት “መርዝ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፤ ዕድልሽን ሞክሪ” ማለት ነው። አእምሮው አትክፈት የተባለውን ቆቦ ድረስ ይዞ መጣ፤ እጁን ግን ማንም አልነገረውም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች ሩታ ጉንጯን በጥፍሯ እየነካች። “አትክፈቱ አልኩ እንጂ አትቅመሱ አላልኩም።”

በማግስቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ሞላች፤ መዘነች፤ ጻፈች። የዚህን ጊዜ ሐድጉ ይያዘው፣ ሙላው ምስክር ይሁን ተባለ። ሐድጉ ጠርሙሱን ሜዳሊያ እንደሚሸከም ሰው ይዞ ሄደ። አልተነጋገረም፣ አልሳቀም፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት እንኳ አላየም። ቆቦ ወርደው፣ ሙላው ለአንድ ዘመድ ስለ ጨረሩ ሲያስረዳ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሐድጉ ቀድሞ ደረሰ፤ ጠርሙሱን ለሩታ እንደተከደነ ሰጣት።

ሩታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ጠርሙሱ ላይ የጻፈችውን አየች። ሚዛኑን ነካ አድርጋ እንደገና መዘነችው።

“አጎቴ” አለች ቀስ ብላ፣ “አንድ ጉንጭ ጎድሏል።”

የሐድጉ ጆሮ ቀላ። የሐድጉን ጆሮ ቀልቶ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ራያ ውስጥ አልነበረም።

“እኔ ባላጋራው ነኝ” አለ መሬት መሬት እያየ። “ውሃው ደግሞ የእሱ ነው። ብቻዬን ይዤው ስደርስ፣ ነገ ‘ሐድጉ የሆነ ነገር ጨመረበት’ እንዳይባል ፈራሁ። መታጠፊያው ላይ ቀመስኩ። ንጹሕ መሆኑን በራሴ ላስመሰክር ብዬ ነው።”

ሙላው ደጃፉ ላይ ደርሶ ሰምቶ ነበር። ከሳቁ ርዝመት የተነሣ ግድግዳው ባይደግፈው ኖሮ እስከ ጎብዬ ይወድቅ ነበር። “በሚዛን ተያዝክ። የሜትሩ ልጅ በሚዛን ተያዘ። እኔ በአደባባይ ቀመስኩ፣ አንተ በመታጠፊያ።”

“ስማኝ” አለ ሐድጉ።

“አልሰማህም፣ ልሳቅበት።”

“ስብሰባው እሑድ ነው። ነገ ቅዳሜ ነው።”

ሙላው ሳቁን እዚያው ዋጠው። ፓፓያዎቹ ዓይኑ ላይ መጡ። ሩታም አለች፣ “የቀረኝ ጠርሙስ አንድ ነው። ነገ ሌሎች ጉድጓዶች ላይ እውላለሁ፤ እሑድ ጠዋት ካደረሳችሁልኝ እቆጥረዋለሁ። ከሰዓት ጎብዬ እሄዳለሁ፤ እዚያ የቀዳሁት ውሃ እየሞተብኝ ነው።”

ሁለቱ ሰዎች ቅዳሜን አብረው ዋሉ፤ ሮቢት ይህንን ከአዞው የበለጠ አወራችው። ነገሩን የፈታው ሙላው ነው።

“የምንቀምሰው ስንሰጥ ነው አይደል?”

“አዎ።”

“ካልሰጠናትስ?”

ሐድጉ ይህን ሐሳብ ከላይ እስከ ታች ለካው። እንከን አላገኘበትም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሩታ ባስተማረቻቸው መንገድ ጠርሙሱን ውሃው ውስጥ ሞልተው፣ እዚያው ከደኑት። በባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ሁለቱም በአራት እጃቸው አቅፈውት፣ እንደ ክርስትና ሕፃን ይዘውት ቆቦ ደረሱ። የሩታ ደጃፍ ላይ ጠርሙሱን መሬት አስቀመጡ፤ በሩን አንኳኩ፤ ከዚያ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

“ሩታ” አለ ሐድጉ ዞር ሳይል፣ “ደጃፍሽ ላይ የሆነ ነገር አለ። እኛ አልሰጠንሽም።”

“አላየነውም” አለ ሙላው።

ባለ ባጃጁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በጠዋት ጠርሙስ ጥለው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሲያይ ጠንቋይ ያዘዛቸው መስሎት የመልሱን ጉዞ ሳይጠብቅ ተፈተለከ።

ሩታ መዘነችው። ሙሉ ነው። ወደ መሣሪያው አስገባችው፤ ይረጋ ዘንድ ብዙ ጠበቁ። ሙላው የመሣሪያውን መስኮት እያየ፣ ቁጥሩ አንድ አንድ እያለ ሲጨምር ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። መጨረሻ ላይ ሩታ ሒሳቧን ሠርታ ቀና አለች።

“አሥራ አራት።”

“አሥራ አራት ምን? ሺህ?”

“አሥራ አራት ብቻ።”

“መቶም የለው?”

“ጋሼ፣ ከአሥር በላይ ነው። ምንጭ ነው። ከአለት ገና መውጣቱ ነው።”

ሙላው ተቀመጠ። ሐድጉ መሣሪያውን ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሲመለስ እጁን ዘረጋለት። “ምንጭ ነው” አለ። ይህችን ቃል ከሆዱ ሲያወጣት ጉድጓድ የመቆፈር ያህል ነበር።

ሩታ ወረቀቱን በሳምንቱ እንደምትልክ ነግራቸው ሚኒባስ ልትይዝ ሮጠች። እነሱም ወደ ሮቢት። መንገድ ላይ ሙላው ከራሱ ጋር ታገለ። “ወደ ሃያ ገደማ ብል ምን አለበት?” አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ “ከሃያ ትንሽ በላይ ብልስ…”

“አሥራ አራት በል” አለ ሐድጉ። “አንድ ጊዜ በሕይወትህ እንዳለ ተናገር።”

ስብሰባው ግራሩ ሥር ነው። ሐድጉ ባለ ጉዳይ ስለሆነ የማኅበሩ ጸሐፊ አንዷለም ይመራል። ከጎኑ አካፋዎች ግንዱ ላይ ተደግፈዋል። ሙላው ተነሣ። ጢሙን ጠረገ። ጉሮሮው ላይ ሺዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ሲገፉት ይታወቅ ነበር። መለሳቸው።

“አሥራ አራት” አለ።

“ሰባት” አለች ጀዊሪያ።

“ሰባት” አለ ሕዝቡ።

“ከአሥር በታች ነው” አለ አንዷለም። “እንግዲህ የገንዳ ውሃ ነው። አካፋ…”

“አሥራ አራት ነው። በእናቴ።”

“ሲምልማ ሩብ ነው” አለች ጀዊሪያ። “ሦስት ተኩል።”

ሙላው ዘወር ብሎ ሰውን አየ። የሚያውቁት ፊቶች ናቸው፤ ክፋት የላቸውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አብዝቶ ሰጥቷቸዋል፤ ዛሬ ልኩን ሲሰጣቸው የጎደለ መሰላቸው። ሩታ ጋ ይደወል ተባለ፤ ኔትወርክ አልነበረም። እጁ ወደ ፓፓያዎቹ አቅጣጫ ተዘረጋና ወረደ።

“ሐድጉ ይንገረን” አለ አንዷለም። “እሱ አብሮ ነበር።”

“ይንገረን” አለች ጀዊሪያ። “ግን እሱም ከዚያ ውሃ በመታጠፊያ ቀምሷል፤ ቆቦ ሁሉ ሰምቷል። የእሱም በግማሽ ይሰማ።”

“በግማሽ” አለ ሕዝቡ።

ሐድጉ ተነሣ። ዝም ቢል ያሸንፋል። አሥራ አራት ቢልም በግማሽ ሰባት ይሆንና ያሸንፋል፤ እውነቱን ተናግሮ፣ ቃሉንም ጠብቆ፣ ያለው ሁሉ ደርሶለት ይቀመጣል። ይህን ሙላው አየው፤ ሐድጉም ማየቱን አየ። ሐድጉ ወደ ግራሩ ቀና አለ፣ ወደ መሬት አቀረቀረ፤ አባቱ ጨርቅ ሲለኩ እንደሚያደርጉት አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ።

“ሙላው ተሳስቷል” አለ። “ሃያ ስምንት ነው።”

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዷለም በስልኩ ለሁለት አካፈለው። “አሥራ አራት” አለ። “ከአሥር በላይ ነው። ምንጭ ነው። አካፋዎቹን ወደ ቤት መልሱ።”

ጀዊሪያ ሐድጉን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አካፋ ራሷ አነሣች።

ሲመሽ ሁለቱ ውሃው ዳር ተቀመጡ። ሙላው በጣሳ ቀዳ፣ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፣ በሁለት እጁ ለሐድጉ ሰጠው። ሐድጉ ጠጣ።

“እኔ እያለሁ አንተ ትዋሽልኝ?” አለ ሙላው። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅናት ነበር። “ደግሞስ ሃያ ስምንት ምንድን ነው? ሠላሳ ብትል ምን ነበረበት?”

“አልዋሸሁም። ሲደርስ አሥራ አራት እንዲሆን ነው።”

ሙላው ይህን ቃል በአፉ ውስጥ አገላበጠው። ሃምሳ ዓመት ያደረገውን ነገር ምክንያት አሁን ገና ያገኘ ይመስል ነበር። ከአስፋልቱ በኩል ወደ ጎብዬ የሚሄድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ።

“እኔን ያሳሰበኝ ነገ ነው” አለ ሐድጉ። “ባጃጅ ተራ ላይ ስንት ብለህ ልታወራ ነው?”

“ለሮቢት ሃያ ስምንት ይበቃል” አለ ሙላው። “ጎብዬ ግን ሩቅ ነው፤ መንገድ ላይ ብዙ ይሞትበታል። እሱን ሃምሳ ስድስት ብዬ ነው የማሳፍረው።”